አራት ፕላስ የሞት ፍርድ አይደለም፤ አንድ ፕላስም ነጻ መውጫ አይደለም

ዛሬ ትንሽ ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

በውስጥ መስመር በየሳምንቱ የላብራቶሪ ወረቀት ፎቶ ይላክልኛል። የሽንት ምርመራ ሲሆን አብዛኛው ከሁለት ዓይነት አይወጣም። አንደኛው ከእናት ወይም ከአባት ነው፤ ፊቱ ያበጠ የአራት የአምስት ዓመት ልጅ፣ ወረቀቱ ላይ «ፕሮቲን አራት ፕላስ»፣ ከሥሩ ደግሞ «ዶክተር፣ የልጄ ኩላሊት አለቀ ወይ?» የሚል ጥያቄ። ሁለተኛው ከወጣት ነው። ለሥራ ወይም ወደ አረብ አገር ለመሄድ ሲመረመር «ፕሮቲን አንድ ፕላስ፣ ትንሽ ደምም አለ» ተብሏል፤ ከዚያ «ክሬቲኒንህ ኖርማል ነው፣ ኩላሊትህ ደህና ነው፣ ውሃ በደንብ ጠጣ» ተብሎ ተሸኝቷል። እሱ እኔን የሚጠይቀኝ ለወጉ ያህል ነው።

ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋ እናት ከሚገባው በላይ ደንግጣለች፤ ሁለተኛው ወጣት ደግሞ ከሚገባው በላይ ተረጋግቷል። ሁለቱንም የበደላቸው አንድ ልማድ ነው፤ ቁጥሩን ሰጥቶ ትርጉሙን መንፈግ። ይህ ልማድ የእኛ የባለሙያዎች ነው፤ የሕመምተኛው አይደለም። «ብናብራራላቸው ይደነግጣሉ» የሚል ምክንያት ስሰማ ይገርመኛል። ሰው የሚደነግጠው «አራት ፕላስ» የሚል ወረቀት ይዞ ብቻውን ታክሲ ውስጥ ሲቀመጥ ነው።

በመጀመሪያ ፕላሱ ምን እንደሚለካ እንግባባ። እያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቃቅን ወንፊቶች አሉ። ደም በእነሱ ውስጥ ሲያልፍ ውሃና ቆሻሻ ይወርዳል፤ አልቡሚን የሚባለው ዋናው የደም ፕሮቲን ግን ትልቅ ስለሆነ ደም ውስጥ መቅረት አለበት። ጤነኛ አዋቂ በቀን በሽንቱ የሚያወጣው ፕሮቲን ከ150 ሚሊ ግራም በታች ነው። ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ወንፊቱ ተጎድቷል ማለት ነው።

ላብራቶሪው ሽንት ውስጥ የሚነክራት ቀለም የምትቀይረው ስትሪፕ ግን በቀን ስንት ግራም እንደወጣ አትነግረንም። የምትነግረን በዚያች ሰዓት፣ በዚያች ጠብታ ውስጥ ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደወፈረ ነው። ልጁ ጠዋት ውሃ ሳይጠጣ ቢሸና ሦስት ፕላስ፣ ከሰዓት በኋላ በደንብ ጠጥቶ ቢሸና አንድ ፕላስ ሊሆን ይችላል። ኩላሊቱ በግማሽ ቀን አልዳነም፤ ሽንቱ ቀጠነ እንጂ። ትኩሳትና ከባድ ስፖርትም ለጊዜው ፕሮቲን ያሳያሉ። አንዳንድ ጎረምሶች ላይ ደግሞ ቆመው ሲውሉ ብቻ ፕሮቲን ይወጣል፤ ጠዋት ከአልጋ እንደተነሡ የሸኑት ንጹሕ ነው፣ ይህም ጉዳት የለውም።

ስለዚህ በአንድ ፕላስ ወረቀት ማንም ሰው ስለ ኩላሊታችሁ ዕድሜ ሊፈርድ አይገባም። ትክክለኛው መንገድ ጠዋት መጀመሪያ የተሸናውን ሽንት በሌላ ቀን ደግሞ ማስመርመር ነው፤ አሁንም ካለ መጠኑን በቁጥር መለካት። ለዚህ የሽንት ፕሮቲን ከሽንት ክሬቲኒን ጋር የሚነጻጸርበት ምርመራ አለ፤ «የሽንት ፕሮቲን ክሬቲኒን ሬሾ» ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ምርመራ ሽንቱ ቀጠነም ወፈረም ውጤቱ አይዛባም፤ በአዋቂ ላይ ሬሾው 1 ከሆነ በግምት በቀን አንድ ግራም ፕሮቲን ይወጣል ማለት ነው። ክሬቲኒን የሚለው ቃል እዚህም ስላለ አትደናገሩ፤ ይህ የሽንቱ ነው፣ ከደም የሚታየው ሌላ ነው።

አሁን ወደዚያ ፊቱ ወዳበጠ ልጅ እንምጣ።

ጠዋት ሲነሣ የዓይኑ ቆብ ያብጣል፣ ሲውል እግሩ፣ ከሰነበተ ሆዱ። ቤተሰብ መጀመሪያ «ወፈረልን» ብሎ ይደሰታል። ከዚያ «አለርጂ ነው» ተብሎ የዓይን ጠብታ ይታዘዝለታል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ «ዓይን በልቶት ነው» የሚል አይጠፋም። ሽንቱ እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ሲታይ አራት ፕላስ ይሆናል፣ የደም አልቡሚኑም ወርዷል። ይህ ኔፍሮቲክ ሲንድረም ይባላል። በልጅ ላይ ሬሾው ከ2 በላይ ሲሆን በዚህ ደረጃ ውስጥ ገባ እንላለን። ፕሮቲኑ ብዙ ነው፣ እብጠቱም ያስፈራል።

ግን ወላጆች ይህን ስሙኝ፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከሆኑ ትንንሽ ልጆች አብዛኞቹ ያለባቸው ሚኒማል ቼንጅ የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ በተራ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ኩላሊቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት አይታይም። ከእነዚህ ልጆች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ለፕሬድኒሶሎን ይታዘዛሉ፤ ፕሮቲኑ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። የረጅም ጊዜ ተስፋቸውን የሚወስነውም በመጀመሪያው ቀን የነበረው የፕላስ ብዛት ሳይሆን ለስቴሮይዱ የሰጡት መልስ ነው። በአራት ፕላስ ጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ኔጌቲቭ የሆነ ልጅ፣ በሁለት ፕላስ ጀምሮ ከስድስት ሳምንት መድኃኒት በኋላም ሁለት ፕላስ ላይ ከቆመ ልጅ በጣም የተሻለ ዕድል አለው። ታዲያ በመጀመሪያው ቀን «ኩላሊቱ አልቋል» የሚል ሰው ምን አይቶ ነው?

በሽታው ማገርሸት ልማዱ ነው። አብዛኞቹ ልጆች ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ ብዙዎቹም ደጋግሞ ያገረሽባቸዋል፤ ጉንፋን ሲይዛቸው ይብሳል። ማገርሸቱ አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ባገረሸ ቁጥር ለመድኃኒቱ እሺ እስካለ ድረስ ኩላሊቱ ወደ መድከም እየሄደ ነው ማለት አይደለም። አብዛኞቹ በጉርምስና ዕድሜ አካባቢ ይተዋቸዋል።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። እብጠቱ ሲወርድ መድኃኒቱ ይቆማል። «ዳነ እኮ!» ይባላል። እብጠት መውረዱና ፕሮቲን መጥፋቱ አንድ አይደሉም። ልጁ ዳነ የምንለው የጠዋት ሽንቱ ሦስት ቀን በተከታታይ ኔጌቲቭ ወይም ትሬስ ሲሆን ነው፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ሦስት ፕላስና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አገረሸ እንላለን። ልዩነቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው ስትሪፕና የትምህርት ቤት ደብተር ነው። ቀን፣ የፕላስ ብዛት፣ የመድኃኒት መጠን፣ ክብደት። ይህን ደብተር በሥርዓት ይዛ የምትመጣ እናት ስታጋጥመኝ ሥራዬ በግማሽ ይቀላል። ፕሬድኒሶሎንን በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ከማገርሸቱም ሌላ አደጋ አለው፤ ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ማምረት ስላቆመ ልጁ ሊዝለፈለፍና ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ጸበል የምትወስዱትም ውሰዱት፤ መድኃኒቱን ግን በሰዓቱ ስጡት። የሚያጋጩት ሰዎች ናቸው።

ስለ ምግብ ደግሞ፦ «ፕሮቲን በሽንቱ ስለሚወጣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ ከልክሉት» ተብሎ የተነገራችሁ ወላጆች ብዙ ናችሁ። እባካችሁ ተዉት። ሽንት ውስጥ የሚታየው ፕሮቲን የራሱ የደም ፕሮቲን ነው፤ ትናንት የበላው እንቁላል ቀጥታ ወርዶ አይደለም። እየባከነበት ያለ ልጅ ላይ ምግብ መንሣት ሌላ በሽታ መጨመር ነው። ለዕድሜው የሚገባውን ይብላ። መቀነስ ያለበት ጨው ነው፤ ያበጠ ልጅ ካላችሁ ወጡ ጨው ሳይገባበት የእሱን ድርሻ አስቀድማችሁ አውጡለት፣ ችፕስና ቋንጣውንም ይርሳው። «ኩላሊቱን እንዲያጥበው» ተብሎ ያበጠን ልጅ ውሃ በግድ ማስጠጣትም ጉዳት ነው።

ለስቴሮይድ እሺ ያላለው ልጅስ? ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በትክክል ተሰጥቶት ፕሮቲኑ ካልጠፋ ነገሩ ይቀየራል። ያን ጊዜ የልጆች ኩላሊት ሐኪም ማየት አለበት፤ ባዮፕሲ፣ ማለትም በመርፌ ከኩላሊት የሚወሰድ ናሙናም ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኤፍኤስጂኤስ የሚባለው፣ ወንፊቶቹን እያጠበቀ ጠባሳ የሚያደርግ በሽታ ነው። እዚህም ፕሮቲኑ ወዴት እንደሄደ ይናገራል። ሙሉ በሙሉ የጠፋላቸው ሰዎች ኩላሊታቸው ለብዙ ዓመታት ይቆያል። በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸውም ምንም ካልቀነሰላቸው በግልጽ ይሻላሉ። ጨርሶ ያልቀነሰላቸው ግን ግማሽ ያህሉ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ኩላሊታቸው ይደክማል። ስለዚህ «መድኃኒቱ ሙሉ በሙሉ አላዳነውም» ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ የቀነሰው ግማሽ ዓመታት ይገዛል።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ያላችሁ፦ እዚያ ጥቁር ሕመምተኞች ላይ ኤፍኤስጂኤስ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ከምዕራብ አፍሪካ ዘር ጋር የሚወረስ ኤፒኦኤል-1 የሚባል ዘረ መል ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ይህን ዓይነት ኢትዮጵያውያን ላይ ፈልጎ አላገኘውም። ስለዚህ በቆዳ ቀለም ብቻ ተደምራችሁ ስለ ወደፊታችሁ ከተነገራችሁ «ዘረ መሉ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ። አላበጠም፣ አላመመውም፣ አንድ ፕላስ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሽንት ላይ ፕሮቲንና ደም አብረው ሲቆዩ ከሚታሰቡት በሽታዎች አንዱ አይጂኤ ኔፍሮፓቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ቤርዤ ከባልደረባው ኒኮል ሃንግሌ ጋር ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጹት። የሰውነት መከላከያ የሆነው አይጂኤ የተባለው ፕሮቲን ወንፊቱ ላይ ይከማቻል። አንዳንዱ ጉሮሮውን ባመመው በአንድ በሁለት ቀን ሽንቱ ኮካ ይመስላል፤ በዚህም ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከአንድ ሳምንት በላይ ቆይቶ ከሚመጣው፣ ልጆች ላይ ከምናውቀው የስትሬፕ ኩላሊት ሕመም ይለያል። አብዛኛው ግን ምንም ምልክት የለውም። ቤተ ሙከራ ካልነገረው አያውቅም። በባዮፕሲ ብቻ ስለሚረጋገጥ እኛ አገር ስንት ሰው እንዳለው መገመትም ይከብዳል።

በዚህ በሽታ የፕሮቲኑ መጠን የኩላሊቱን ወደፊት ከሚናገሩ ነገሮች ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የካናዳው የቶሮንቶ መዝገብ ያወጣው ጥናት እንዳሳየው በቀን ከአንድ ግራም በላይ ፕሮቲን ሲወጣ ኩላሊቱ የሚደክምበት ፍጥነት በእጅጉ ይጨምራል። ከዚያው ጥናት ግን እኔ ለሕመምተኛ የምነግረው ሌላውን ግኝት ነው፦ በቀን ከሦስት ግራም በላይ እያወጡ ጀምረው ከአንድ ግራም በታች ያወረዱት ሰዎች፣ ከመጀመሪያውም ከአንድ ግራም በታች ከነበሩት ጋር ተቀራራቢ ጉዞ ነበራቸው። የጀመሩበት ቁጥር አላሰራቸውም።

ሁለተኛው ጥናት አሳሳቢውን ጎን ያሳያል። በዩናይትድ ኪንግደም ራዳር የሚባል፣ እምብዛም የማይከሰቱ የኩላሊት በሽታዎች ብሔራዊ መዝገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ2,400 በላይ የአይጂኤ ሕመምተኞችን ጉዞ አወጣ። በአማካይ ሬሾአቸው ከ0.44 እስከ 0.88 ከነበሩት፣ ማለትም በፊት «ቀላል ነው» ከምንላቸው ሰዎች፣ 30 በመቶ ያህሉ በአሥር ዓመት ውስጥ ኩላሊታቸው ደክሟል። ለፍትሕ ያህል፣ መዝገቡ የያዘው በቀን ከግማሽ ግራም በላይ ፕሮቲን የነበራቸውን ወይም የኩላሊት ሥራቸው የቀነሰውን ነው፤ በጣም ቀላል ሕመም ያለባቸው አልተካተቱም። ቢሆንም ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ ኬዲጎ በ2025 ግቡን ዝቅ አድርጎ በቀን ከግማሽ ግራም በታች፣ ቢቻል ከ0.3 በታች ይሁን ብሏል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪም ለዚህ በሽታ አዳዲስ መድኃኒቶችን በተፋጠነ መንገድ የፈቀደው የሽንት ፕሮቲን መቀነሱን አይቶ ነው።

ታዲያ በየትኛው ሳይንስ ነው ይህን ወጣት «ክሬቲኒንህ ኖርማል ነው» ብለን የምንሸኘው? የደም ክሬቲኒን ዘግይቶ ነው የሚነሣው። አንድ ኩላሊቱን ለወንድሙ የሰጠን ሰው አስቡ፤ ክሬቲኒኑ ከኖርማል ብዙም ሳይርቅ ይኖራል። ይህ ማለት ብዙ ወንፊት እስኪጠፋ ድረስ ክሬቲኒን ዝም ሊል ይችላል። ፕሮቲኑ ግን ከዓመታት በፊት ይጮሃል። እኛ ጆሯችንን የምንሰጠው ግን ለክሬቲኒን ነው። ክሬቲኒኑ በጣም ከፍ ብሎ፣ ትንፋሽ አጥሮ፣ ግፊቱ አናት ላይ ወጥቶ ለእጥበት የሚመጡ ወጣቶች ቤተሰቦች «ድንገት ነው» ይላሉ። ከአንዳንዶቹ ፋይል ውስጥ ግን ከአምስት ዓመት በፊት የተሠራ የሽንት ምርመራ ይገኛል፤ ፕሮቲን ሁለት ፕላስ። ማንም አልደገመውም። እጥበት በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ምን እንደሚያስወጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ኩላሊት የሚሰጥ ዘመድ ይፈልጋል፣ ወረፋም አለው።

«ባዮፕሲ በየቦታው በሌለበት አገር ምን እናድርግ?» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉ። ጥያቄው እውነት ነው፤ መልሱ ግን ዝም ማለት አይደለም። ኢናላፕሪል በየጤና ጣቢያው አለ፣ ርካሽ ነው፣ ወንፊቱ ላይ ያለውን ጫና ቀንሶ ፕሮቲኑን ያወርዳል። የግፊት መለኪያ አለ፤ ስትሪፕ አለ። ጨው መቀነስና ሲጋራ ማቆም ገንዘብ አይጠይቅም። ባዮፕሲው እስኪደርስ ብዙ መሥራት ይቻላል።

እዚህ ላይ ፋርማሲ ውስጥ የሚበላሽ ነገር አለ። ሕመምተኛው ኢናላፕሪል ሊገዛ ይሄዳል፤ «ይሄ የግፊት መድኃኒት ነው» ይባላል፤ «እኔ ግፊት የለብኝም» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ ለግፊትም ይሰጣል፤ ለእናንተ ግን የታዘዘው ፕሮቲኑን ለመቀነስ ነው። ሲጀመርና መጠኑ ሲጨመር ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክሬቲኒንና ፖታሲየም ይታያሉ። ክሬቲኒኑ ትንሽ ከፍ ቢል የሚጠበቅ ስለሆነ በራሳችሁ አታቁሙት። ደረቅ ሳል ካስቸገራችሁ ሌላ ተመሳሳይ አለ፤ ተናገሩ። ከባድ ተቅማጥና ትውከት በያዛችሁ ቀናት ለጊዜው ስለማቆም ሐኪማችሁን ጠይቁ። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትወስደውም፤ ይህን ሳይነግሩ ለወጣት ሴት ማዘዝ ራሱ ጥፋት ነው። እና ስለ ኩላሊት እየተጨነቁ በየቀኑ ዳይክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን መዋጥ አይሆንም፤ «ኩላሊት ያጥባል» የሚባል ምንነቱ የማይታወቅ ቅጠልም እንደዚያው።

ቀጣዩ ቀጠሮ ላይ ስትቀርቡ እነዚህን ጠይቁ፦ ፕሮቲኑ በሬሾ ስንት ነው? ባለፈው ስንት ነበር? የበሽታው ስም ምንድን ነው፣ ካልታወቀስ እንዴት ይታወቃል? ግባችን ስንት ላይ ማውረድ ነው፣ በስንት ጊዜ ውስጥ? የድሮ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ፤ በቀን ቅደም ተከተል ይዛችሁ ኑ። ሐኪሙ ፊቱን ቢያጠቁርም ጠይቁ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ኔፍሮቲክ ሲንድረም ያለበት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህችን ለይታችሁ ያዙልኝ። በሽታው ሲነሣበት ኢንፌክሽንን የሚከላከሉና የደም መርጋትን የሚቆጣጠሩ ፕሮቲኖችም በሽንት ይባክናሉ። ስለዚህ ያበጠ ልጅ ትኩሳት ከያዘው፣ ሆዱን ካመመው፣ አንድ እግሩ ብቻ ድንገት አብጦ ካመመው፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም ሽንቱ በጣም ካነሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ነገም አትበሉ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የሚወስደውን የፕሬድኒሶሎን መጠን መጀመሪያ ላገኛችሁት ባለሙያ ንገሩ።